ሪቻርድ ካሪንግተን

ሪቻርድ ክሪስቶፈር ካሪንግተን (ሜይ 26 ቀን 1826 – ኖቬምበር 27 ቀን 1875 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የፀሐይን ነጠብጣቦች ለሰባት ዓመታት በመከታተሉና በፀሐይ ላይ የታየን ድንገተኛ የብርሃን ፍንዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ በመመዝገቡ ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካሪንግተን በለንደን ቼልሲ ሠፈር ተወለደ። አባቱ በብሬንትፎርድ የቢራ ፋብሪካ ነበረው። ወደ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ የገባው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ታስቦ ነበር፤ እዚያ ግን ሥነ ፈለክ ማረከው። በ1849 በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻ ተቀጠረ። መሣሪያዎቹ ስላላረኩት በ1852 ሥራውን ለቆ ሬድሂል በተባለ ቦታ የራሱን መመልከቻ ሠራ። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚታዩ 3,735 ከዋክብትን የያዘው መዝገቡ በ1857 ታትሞ የሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲን የወርቅ ሜዳልያ አስገኘለት።

ሌሊቱን ለከዋክብት ሲሰጥ ቀኑን ለፀሐይ ነጠብጣቦች አዋለው። ነጠብጣቦቹ ጠቁረው የሚታዩት ከዙሪያቸው ካለው የፀሐይ ገጽ ስለሚቀዘቅዙ ነው፤ ቀዝቃዛ ይባሉ እንጂ ሙቀታቸው ብረት ያቀልጣል። ካሪንግተን ቦታቸውን እየለካ ሲያነጻጽር፣ በፀሐይ ወገብ አጠገብ ያሉት በ25 ቀን ገደማ አንድ ዙር ሲያጠናቅቁ ከወገቡ ራቅ ያሉት እንደሚዘገዩ አገኘ። ጠጣር አካል እንዲህ ሊሽከረከር አይችልም። ይህ ያልተስተካከለ ሽክርክሪት የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ እየጠመዘዘ ነጠብጣቦችን እንደሚያስገኝ የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ረፋዱ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሲሆን፣ ቴሌስኮፑ በሰሌዳ ላይ የጣለውን የፀሐይ ምስል እየሳለ ነበር። ድንገት ከአንድ ትልቅ የነጠብጣብ ስብስብ መካከል ሁለት ነጭ ብርሃኖች ቦግ አሉ። መጀመሪያ በመጋረጃው ቀዳዳ ብርሃን የሾለከ መሰለው። ምስክር ለመጥራት ሮጦ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቢመለስ ብርሃኑ መክሰም ጀምሯል፤ በጠቅላላው 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ደግነቱ ሪቻርድ ሆጅሰን የተባለ ሌላ ተመልካችም ለብቻው ያንኑ አይቷል።

ከ17 ሰዓታት በኋላ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ክፉኛ ታወከ። አብዛኛውን ጊዜ በዋልታዎች አካባቢ የሚታየው የሰማይ ብርሃን እስከ ኩባ ታየ። ብዙ የቴሌግራፍ መሥመሮች ተስተጓጎሉ፤ በአሜሪካ የቦስተንና የፖርትላንድ ሠራተኞች ግን ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ማዕበሉ በሽቦው ላይ ባስነሣው ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት ተለዋወጡ። የሁከቱ ምክንያት ከፀሐይ የተወረወረ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ጋዝ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል። ካሪንግተን ግን በኪው መመልከቻ ያሉት የመግነጢስ መለኪያዎች ብርሃኑ በታየበት ሰዓት መንቀሳቀሳቸውን ቢያውቅም፣ ከአንድ አጋጣሚ ተነሥቶ ሁለቱን ለማያያዝ አልደፈረም። ጥንቃቄው የሚያስመሰግነው ነው፤ ሎርድ ኬልቪን በ1892 እንኳ ግንኙነቱን አልተቀበለም ነበር። በማርች 1989 የደረሰ፣ ከዚያ ያነሰ ማዕበል በካናዳ ኩቤክ የ6 ሚሊዮን ሰዎችን መብራት ለ9 ሰዓታት አጥፍቷል።

አባቱ በ1858 ሲሞት የቢራ ፋብሪካው ኃላፊነት በካሪንግተን ላይ ወደቀ። ነጠብጣቦቹ የሚበዙበትንና የሚያንሱበትን የ11 ዓመት ዑደት ሙሉውን ለመከታተል ያሰበው ሳይሳካ ምልከታውን በ1861 አቆመ፤ ውጤቱ በ1863 በመጽሐፍ ታተመ። በኖቬምበር 1875 ባለቤቱ ሮዛ የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዳ ሞተች። እሱም በዚያው ወር በ49 ዓመቱ አረፈ። ከምድር ሲታይ 27.28 ቀን ገደማ የሚፈጀው አማካይ የፀሐይ ዙር በስሙ የካሪንግተን ዙር ይባላል፤ ዙሮቹም ከኖቬምበር 9 ቀን 1853 ጀምሮ እስከ ዛሬ በተራ ቁጥር ይቆጠራሉ።