ከደረቅ አይብና ከቅቤ የተነሣው ንግድ

ረመዳንን ምክንያት በማድረግ በዚህ ገጽ የምናቀርበው የሶሐቦች ታሪክ ዛሬ ለሀገራችን እንግዳ ወዳልሆኑ ሰው ያደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ615 የመካን ግፍ ሸሽተው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች አንዱ ናቸው፤ አብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ)። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በጀነት ከተበሠሩት አሥሩ አንዱ በመሆናቸው፣ አለዚያም በሀብታቸው ነው። እኛ ግን ሀብቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረች አንዲት ጠዋት ላይ ቆየት ማለት ፈልገናል። በጎንደር አዲስ ዓለምም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ዕቁብ የደረሳቸው፣ ከዓረብ ሀገር ልጅ የላከላቸው፣ ወይም የውርስ ድርሻቸውን የተቀበሉ ቤተሰቦች ገንዘቡን ይዘው ምን እንነግድበት እያሉ የሚጨነቁት ጭንቀት ከዚያች ጠዋት ጋር ይመሳሰላልና።

አብዱረህማን የተወለዱት ከዝሆን ዓመት አሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከቁረይሽ የዙህራ ጎሣ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚናም የዚሁ ጎሣ ልጅ ናቸው። በጃሂሊያ ዘመን አብዱ ዐምር ይባሉ ነበር፤ በአቡበክር (ረ.ዐ) አማካይነት ገና በማለዳው ከሰለሙት ጥቂቶች መካከል ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ነው አብዱረህማን የተባሉት። በመካ ንግድ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ ግን እንደሌሎቹ ሙሃጂሮች ሁሉ ቤትና ንብረታቸውን ከኋላቸው ትተው ነው የሄዱት።

መዲና ሲደርሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስደተኞቹን ከከተማዋ ሰዎች፣ ከአንሷሮች ጋር፣ ወንድማማች አደረጓቸው። የአብዱረህማን ወንድም የሆኑት ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ከአንሷሮች ሀብታም ከሚባሉት ነበሩ። ሰዕድ ሀብታቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሊሰጧቸው አሰቡ፤ ከሁለት ሚስቶቻቸውም አንዷን ፈትተው፣ ዒዳዋን ስትጨርስ እንዲያገቧት እስከማለት ደረሱ። ትናንት ባዶ እጁን የመጣ ስደተኛ ዛሬ የአንድ ባለጸጋ ግማሽ ሀብት በፊቱ ተዘረጋለት ማለት ነው። አብዱረህማን ለሰዕድ ቤተሰብና ገንዘብ በረከትን ለመኑላቸውና ስጦታውን ሳይቀበሉ፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። ሰዕድም የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩአቸው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስጦታ መቀበል ውርደት ነው የተባለ እስኪመስል ይጋነናል። እኛ አይመስለንም። አንሷሮች የተምር ዛፎቻቸውንም ከሙሃጂሮች ጋር ሊካፈሉ ጠይቀው ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሬቱን መከፋፈሉን አልፈቀዱም፤ ይልቅ ስደተኞቹ በአትክልቱ እየሠሩ ፍሬውን እንዲጋሩ ሆነ። የእኩል ማረስን የሚያውቅ የጎንደር ገጠር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ ጉልበት ያለው በጉልበቱ ገብተው ትርፉን ይካፈላሉ። አብዱረህማን ደግሞ የተምር ገበሬ አልነበሩም፤ የሚያውቁት ገበያ ነበርና ወደሚያውቁት ሄዱ።

በዚያች ጠዋት ወጥተው ሲመለሱ ያተረፉት ዓረቦች አቂጥ የሚሉትን የደረቀ አይብና ቅቤ ነበር። በማግስቱም ሄዱ፤ በሦስተኛውም ቀን። የሐር ጨርቅ ወይም ሽቶ አለመሆኑን ልብ እንበል። ቅቤና አይብ ሁሉም ቤት የሚፈልገው፣ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ፣ ባይሸጥ እንኳ ቤተሰብ የሚበላው ዕቃ ነው። ገንዘቡም መጋዘን ውስጥ ለወራት ታስሮ አይቀመጥም።

የወገራና የዳባት ቅቤ ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ንግድ ያውቀዋል። ዋጋው በጾሙና በበዓሉ ይወጣል ይወርዳል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐብይ ጾምን ሲይዙ ቅቤ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቀርብ ደግሞ ይወደዳል። ረመዳንና ዐብይ ጾም በሚገጣጠሙባቸው ዓመታት የሙስሊሙ ቤት ለኢፍጣርና ለዒድ ሲገዛ ሌላው ገዢ በጾም ላይ ነው። ይህን ቀን መቁጠሪያ በልቧ የያዘች የጉልት ነጋዴ ብዙ ገንዘብ ይዞ ገበያውን ከማያውቅ ሰው የተሻለ ትነግዳለች። ንግዱ የራሱ ፈተናም አለው። ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር ደባልቆ ክብደቱን መጨመር ዛሬም የሚያማርረን ማጭበርበር ነው፤ ያን ዓይነቱን ነጋዴ ደንበኛ አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው።

የጎንደር ሙስሊም ከንግድ ጋር የተሳሰረበት ምክንያትም ከሙሃጂሮቹ ሁኔታ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቀሃ ወንዝ አካባቢ የሰፈሩበት መንደር እስላም ቤት ይባል ነበር፤ የዛሬው አዲስ ዓለም ነው። ርስት የተከለከለ ሕዝብ ሸማ ሠራ፣ ነገደ። ቅፍለቱ በመተማ በኩል ወደ ስናር፣ በዓድዋ በኩል ወደ ምፅዋ፣ በደቡብ ደግሞ ወደ ጎጃም ገበያዎች ይዘልቅ ነበር። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሐኪም ፍለጋ ወደ ካይሮ የላኩት ሐጂ ዓሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው በእሱ አማካይነት ነው። የመሬት ክልከላው የተነሣው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት አያቶቻችን ገበያ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም።

ወደ መዲና እንመለስ። ጥቂት ጊዜ እንደቆዩ አብዱረህማን ልብሳቸው ላይ የሽቶ ቢጫ ምልክት ታይቶባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጡ። ሲጠየቁ ከአንሷር አንዲት ሴት ማግባታቸውን ተናገሩ። መህሯ የተምር ፍሬ ያህል የሚመዝን ወርቅ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ከአይብና ከቅቤ ተነሥቶ እዚህ መድረስ፣ ያውም ያለ ማንም ዕዳ!

ያልታሰበ ገንዘብ አንዴ ደግሞ በጦር ሜዳ መጥቶላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ624 በበድር ጦርነት ዕለት ያገኟቸውን ጥሩሮች ተሸክመው ሲሄዱ የመካው ባለጸጋ ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ከልጁ ጋር ቆሞ አገኙት። ሁለቱ በመካ ወዳጆች ነበሩ፤ ኡመያ በመካ የአብዱረህማንን ንብረት እንዲጠብቅ፣ እሳቸውም በመዲና የእሱን እንዲጠብቁ በጽሑፍ ተዋውለዋል። ኡመያ ከጥሩሩ ይልቅ እሱን ቢማርኩ ቤዛው እንደሚበልጥ ነገራቸው። ጥሩሮቹን ጥለው አባትና ልጁን ይዘው ሲሄዱ ቢላል (ረ.ዐ) አዩት። ሐበሻው ቢላል በመካ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭኖባቸው የተሠቃዩት በዚሁ ሰው እጅ ነበር። ጮኸው ሰው ጠሩ፤ አብዱረህማን ሊከላከሉ ቢሞክሩም ኡመያና ልጁ ተገደሉ። ጥሩሩም ሄደ፣ ምርኮኛውም ሄደ። አብዱረህማን በኋላ ይህን ሲያወሩ ለቢላል የአላህን እዝነት እየለመኑ፣ ሁለቱንም አሳጣኝ እያሉ ነበር። ቂም አልያዙም። አንዱን ጥሎ ሌላውን ለመያዝ የሚሮጥ ነጋዴ ሁሉ ግን ጥሩሮቹን ያስታውስ።

ንግዳቸው እየሰፋ ሲሄድ ምሥጢሩን የጠየቋቸው ሰዎች ነበሩ። ከመለሱት ውስጥ ትርፍ ትንሽ ነው ብለው አለመናቃቸውና በዱቤ አለመሸጣቸው ይተረካል። አንድ ጊዜ 1000 ግመሎችን በገዙበት ዋጋ ሸጡ፤ የቀራቸው የግመሎቹ ማሰሪያ ገመድ ብቻ ነበር። አንዱን ገመድ በአንድ ድርሃም ሸጠው 1000 ድርሃም አተረፉ፤ ግመሎቹ የዚያን ቀን ሳይበሉባቸው በመሸጣቸው ደግሞ ሌላ 1000 ድርሃም ወጪ ዳኑ። ዱቤ ሐራም አይደለም። በዕቁብ ገንዘብ ሱቅ የከፈተ ጀማሪ ግን በመጀመሪያው ወር ዘመድና ጎረቤት ደብተሩን ከሞሉበት፣ በሁለተኛው ወር ዕቃ የሚያመጣበት አይኖረውም። እምቢ ማለት ቢከብድም በመጀመሪያው ቀን ማለቱ ይቀላል።

ስለ ሰዕድም ሳንናገር አናልፍም። ግማሽ ሀብታቸውን ሊሰጡ የተነሡት እኚህ ሰው በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኡሁድ ተሰዉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው ሲቀሩ አጎታቸው ገንዘቡን ሁሉ ወሰደው። እናታቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት አሉ፤ የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ አጎታቸውም ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛ እንዲሰጥና የተረፈው ለእሱ እንዲሆን ታዘዘ። የሟች ገንዘብ ይዞ ንግድ ሊጀምር የሚያስብ ወንድም ወይም አጎት ቢኖር፣ ከሱቁ ኪራይ በፊት የሚከፈለው ይህ ድርሻ ነው።

አብዱረህማን ራሳቸው በኡሁድ ከ20 በላይ ቁስል ቆስለው፣ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ፣ እግራቸው አንክሶ ቀረ። ሀብቱ በገባበት ፍጥነት ይወጣም ነበር። ለዑስማን (ረ.ዐ) በ40,000 ዲናር የሸጡትን መሬት ዋጋ ለዙህራ ዘመዶቻቸው፣ ለድሆችና ለነቢዩ ባለቤቶች አከፋፈሉ። ለዘካ ያህል፣ የዛሬ ጀማሪ ነጋዴ ማወቅ ያለበት የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያህል ገንዘብ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ እንደሚወጣበት ነው፤ የሚሸጠው ዕቃም በገበያ ዋጋው ተተምኖ ይቆጠራል። ገንዘቡን ከወለድ አርቆ ማስቀመጥ ለሚፈልግም ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምረዋል።

አንድ ቀን ጾመው ውለው ማፍጠሪያ ምግብ ቀረበላቸው። ያን ጊዜ አብረዋቸው ወደ ሐበሻ ተሰደው የነበሩት ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ትዝ አሏቸው። ሙስዐብ በኡሁድ ሲሰዉ መከፈኛ የተገኘላቸው አንድ ቡርዳ ነበር፤ ራሳቸውን ሲሸፍኑት እግራቸው፣ እግራቸውን ሲሸፍኑት ራሳቸው ይገለጥ ነበር። አብዱረህማን ሙስዐብ ከሳቸው እንደሚበልጡ ተናገሩ። የመልካም ሥራቸው ምንዳ በዚህች ዓለም ተቻኩሎ ተሰጥቷቸው እንዳያልቅ እንደሚፈሩም ገለጹ፤ አለቀሱም። ምግቡን ሳይነኩት ቀረ።

የሞቱት በ32ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በመዲና ሲሆን የተቀበሩት በበቂዕ ነው። ከበድር ተሳታፊዎች በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 400 ዲናር እንዲሰጥ ተናዝዘው ነበር፤ ሲቆጠሩም 100 ሰዎች ሆኑ። ከተቀበሉት አንዱ የወቅቱ ኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ) ናቸው፤ ራሳቸው ባለጸጋ ሆነው ሳለ፣ የአብዱረህማን ገንዘብ ንጹሕ ሐላል ነው ብለው ድርሻቸውን ወሰዱ።