የማይታየውን ጨረር ያገኘው ዊልያም ሄርሼል

እኛ የካማሺ ተማሪዎች የፀሐይን ንዳድ በቆዳችን እናውቀዋለን። ከዚያ ሙቀት ብዙው በማይታይ ጨረር እንደሚመጣ መጀመሪያ የገለጠው ሰው ግን በሙያው ሙዚቀኛ ነበረ፤ ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊልያም ሄርሼል በ1738 በጀርመን አገር በሃኖቨር ከተማ ተወለደ። በ1757 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በኋላ በባዝ ከተማ ኦርጋን በመምታትና ሙዚቃ በማስተማር ይኖር ጀመር። ከዋክብትን የመመርመር ፍቅር ባደረበት ጊዜ፥ የተመኘው ትልቅ ቴሌስኮፕ ከአቅሙ በላይ ስለ ነበረ በገዛ እጁ ለመሥራት ቆረጠ። መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ መስተዋት ይሠራ ነበር፤ መስተዋቱን ለብዙ ሰዓት ሲወለውል እጁን ማንሣት ስለማይሆንለት እኅቱ ካሮላይን ታጎርሰው ነበር። በመጋቢት 1781 ዩራነስ የተባለውን ፕላኔት አገኘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ግን ከፈረስ ፋንድያ የተበጀው የመስተዋት ቅርጽ ማውጫ አፈሰሰና፥ የቀለጠው ብረት የወለሉን ድንጋይ እየፈነጣጠረ ሁሉንም ከቤት አስወጣቸው።

በ1800 ፀሐይን በልዩ ልዩ ባለቀለም መስተዋት ሲመለከት፥ አንዳንዱ ብርሃኑ ሳይበዛ ሙቀቱ እንደሚበረታ አስተዋለ። ስለዚህ ፕሪዝም በመስኮት አኑሮ ቀለማቱን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ የቴርሞሜትሮቹንም ጫፍ አጠቆረ። አንዱን በቀለሙ ውስጥ፥ ሌሎቹን ለማመሳከሪያ ከጨረሩ ውጭ አኖረ፤ ይኸውም የክፍሉ ሙቀት እንዳያሳስተው ነው። ቴርሞሜትሩ በዝግታ ስለሚወጣ ለእያንዳንዱ ልክ ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ነበረበት። በፋራናይት ልክ ሐምራዊው 2፥ አረንጓዴው ከ3 ጥቂት የሚበልጥ፥ ቀዩ ወደ 7 የሚጠጋ ዲግሪ ከፍ አደረገ። ሙቀቱ በቀዩ ላይ እንደማያበቃ ጠርጥሮ ቴርሞሜትሩን ምንም ብርሃን ወደማይታይበት ቦታ አሳለፈው፤ በዚያም ሙቀቱ በረታ። ዛሬ ይህን ጨረር ኢንፍራሬድ እንለዋለን።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ጉድለት ነበረበት፤ የፕሪዝሙ መስተዋት ራሱ ከዚያ ጨረር ብዙውን ይውጥ ነበር። እርሱም በመጨረሻ ብርሃንና ሙቀት የተለያዩ ናቸው ብሎ ተሳሳተ። በ1830ዎቹ ኢጣሊያዊው ሜሎኒ ጥርት ካለ የማዕድን ጨው በተቀረጸ ፕሪዝም የመስተዋቱን ችግር አቃለለ። ከአፋር የሚቆረጠው አሞሌያችን የዚያው ጨው ወገን ነው፤ ነገር ግን ጨው እርጥበት ስለሚስብ እንደ እኛ አገር ባለ ክረምት በብርቱ መጠበቅ ያሻዋል።

ሄርሼል በ1822 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ለዚህ ግኝት ያዋለው ዕቃ ፕሪዝም፥ ጠረጴዛና ጥቂት ቴርሞሜትር ነው። እኛም የመሣሪያ ማነስ ሲያሳስበን፥ በጨረሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን በጥላው ያለውንም ቴርሞሜትር በትዕግሥት ማንበቡን እናስብ።