የሮሙ ንጉሥ የዮስጢኖስ ታሪክ

ከሐረር ወደ ዘይላ ወርዶ ባሕሩን የተሻገረ ሰው የሚያገኘው አገር የመን ነው፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ናግራን ትገኛለች። ዐፄ ካሌብ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ደም መዝመታቸውን ግንቦት 20 ቀን ስንክሳር ሲነበብ ያልሰማ የለም። ነገር ግን መልእክት ልኮ ያሳሰባቸው የሮሙ ንጉሥ ዮስጢኖስ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ባጭሩ እንጽፋለን። ዘመኑ የሚቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዮስጢኖስ በ450 ዓ.ም. ገደማ በባልካን አገር፣ ናይሱስ በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ድኽነትን ሸሽቶ፣ ከደረቅ ዳቦ በቀር ስንቅ ሳይዝ፣ በእግሩ ቊስጥንጥንያ ገባ። ቁመቱና መልኩ ያማረ ነበረና ከቤተ መንግሥት ዘበኞች ጋራ ተቈጠረ፤ በየጦርነቱም እየዘመተ ከማዕርግ ወደ ማዕርግ ከፍ ብሎ በመጨረሻ የዘበኞቹ አለቃ ሆነ። ሚስቱ ሉፒኪና አስቀድሞ በገንዘብ የተገዛች ባሪያ ነበረች፤ በነገሠ ጊዜ ግን ስሟ ተለውጦ ኤፍምያ ተባለች። እርሱም ፊደል አልቈጠረም። ፕሮኮፒዮስ የተባለው የዘመኑ ጸሓፊ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ ሲፈርም በተቀረጸ እንጨት ላይ እጁን ይዘው ይመሩት ነበር። ይህ ጸሓፊ የነገሥታትን ነውር መግለጥ የሚወድ ሰው ነውና ቃሉን በልክ መቀበል ይገባል።

በ518 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ንጉሡ አንስጣስዮስ ልጅ ሳይተካ ሞተ። የእልፍኙ አዛዥ አማንትዮስ የራሱን ወዳጅ ለማንገሥ አስቦ፣ ለወታደሮች የሚታደል ገንዘብ ለዮስጢኖስ ሰጠው። ገንዘቡ ታደለ፤ የነገሠው ግን አዳዩ ሆነ። አማንትዮስም ብዙ ሳይቈይ ተገደለ።

አንስጣስዮስ የኬልቄዶንን ጉባኤ ለማይቀበሉት ያደላ ነበረ። ዮስጢኖስ ግን የጉባኤው ወገን ስለ ነበረ ሁሉን ገለበጠው፤ በ519 ዓ.ም. ከሮም ጳጳስ ጋራ ታረቀ፤ ጉባኤውን አንቀበልም ያሉትን ጳጳሳትና መነኮሳት አሳደደ። ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብራቸው የአንጾኪያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ሳዊሮስ ወደ ግብጽ የተሰደዱት በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ይህን መሸፈን አይገባም።

በ523 ዓ.ም. የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ፣ በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚባለው፣ ቅዱስ ኂሩትንና የናግራንን ምእመናን አስፈጀ። ከእነዚህም አብዛኞቹ በሃይማኖት የሳዊሮስ ወገን ነበሩ። በዚህ ጊዜ ዮስጢኖስ በአገሩ የሚያሳድደውን እምነት በባዕድ አገር ሊረዳ ተነሣ፤ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በጢሞቴዎስ እጅም ወደ ዐፄ ካሌብ ላከ። ጢሞቴዎስም ራሳቸው ጉባኤውን አይቀበሉም ነበር። የኂሩት ገድል እንደሚያወሳው ከአይላ፣ ከቁልዙምና ከሌሎችም ወደቦች 60 መርከብ ተሰበሰበ። ዐፄ ካሌብም በ525 ዓ.ም. ገደማ ተሻግረው ዙ ኑዋስን ድል ነሡ። የንጉሡ ሐሳብ የሕንድ ንግድ እንጂ የክርስቲያን ደም አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ለእኛ እንደሚመስለን ግን ሁለቱም በልቡ ነበሩ።

በ526 ዓ.ም. አንጾኪያ በምድር መናወጥ ፈረሰች። ሽማግሌው ንጉሥ ዘውዱን አውልቆ፣ የኀዘን ልብስ ለብሶ አለቀሰ፤ ለከተማይቱም ማሠሪያ ብዙ ወርቅ ላከ። በሚያዝያ 527 ዓ.ም. የእኅቱን ልጅ ዮስጥንያኖስን ከእርሱ ጋራ አነገሠው፤ በነሐሴም ወር ቀድሞ በጦርነት በቀስት የቈሰለው እግሩ አመርቅዞ ሞተ።