ሪቻርድ ዲክሰን ኦልድሃም

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ አንድ ትጉህ የሥነ ምድር ሊቅ ባጭሩ ልንጽፍ ወደናል።

ኦልድሃም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ኦልድሃም የሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ልጁም በ1879 በዚያው መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ። አባቱ ስለ ሕንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ጀምሮት ያለፈውንም ጽሑፍ ከፍጻሜ አደረሰው።

ጁን 12 ቀን 1897 ከሂማላያ ተራራዎች በስተ ደቡብ በአሳም አገር ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በሺሎንግ ከተማ የድንጋይ ቤቶች ፈረሱ፤ በአገሩም ከ1500 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ኦልድሃም የደረሰውን ሁሉ መርምሮ ጻፈ። ድንጋዮች ከተቀበሩበት ወደ ላይ ተፈናጥረው ተገኙ። በቼድራንግ ወንዝ ዳር ዓለቱ ተሰንጥቆ፣ አንዱ ወገን ከሌላው ከ10 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ስለዚህ ወንዙ በአንድ ስፍራ ፏፏቴ፣ በሌላው ኩሬ ሆነ።

ዳሩ ግን ዓይን የሚያየው የምድርን ገጽ ብቻ ነው። ኦልድሃም ወደ ውስጥ ለመመልከት በሩቅ አገር፣ በኢጣልያም ጭምር፣ የነበሩ መሣሪያዎች የመዘገቡትን የንውጥውጥታ መስመር መረመረ። ሞገዶቹ ሦስት ዓይነት መሆናቸውንም በ1900 አስረዳ፤ ሁለቱ በምድር ውስጥ እየተከታተሉ ይመጣሉ፣ ሦስተኛው በምድር ገጽ ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። መብረቅ አይተን ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቆጥረን ርቀቱን እንደምንገምት ሁሉ፣ በሁለቱ ሞገዶች መካከል ካለው ጊዜ የመንቀጥቀጡ ስፍራ ርቀት ይታወቃል። ኦልድሃም በ1906 ምድር እምብርት እንዳላት አስረዳ።

ይሁን እንጂ ያን ታላቅ መንቀጥቀጥ ያመጣውን ዋናውን ስብራት ሳያገኘው በ1936 አረፈ። በ2001 ግን ሊቃውንት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተደረገውን የቅየሳ መዝገብ እንደገና አስልተው፣ ስብራቱ ከሺሎንግ አምባ በስተ ሰሜን ከመሬት በታች ተሰውሮ እንደሚገኝ ጻፉ፤ ስሙንም የኦልድሃም ስብራት አሉት።

እኛ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የለካነው ከመጽሐፉ መልስ ጋር አልስማማ ሲለን ቁጥሩን ልንለውጥ እንፈተናለን። ኦልድሃምና የዘመኑ ቀያሾች ግን ያዩትንና የለኩትን እንዳለ ጽፈው ስለ ተዉልን፣ እነርሱ ያልደረሱበትን ከመቶ ዓመት በኋላ የተነሡ ደረሱበት። እኛም ደብተራችንን በዚህ ዓይነት እንድንጽፍ ይሁን።