የዘሩትን ማጨድ፦ የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

ውድ ልጆች፣ ጤፍ የዘራ ገበሬ ስንዴ እንደማያጭድ ታውቃላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ የሰው ሥራ እንደ ዘር መሆኑን አስተምሯል። ዛሬ አስቀድሞ ክፉ፣ ኋላም መልካም ዘር የዘራ አባት ሕይወት እንማራለን።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ጸሊም ማለት በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። በመጀመሪያ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር። ነገር ግን ይሰርቅ ስለ ነበር ጌታው ከቤቱ አባረረው። ሙሴ በዚህ አልተመከረም፤ ይባስ ብሎ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ።

አንድ ሌሊት ለክፉ ሥራ በወጣ ጊዜ የአንድ እረኛ ውሾች አሰናከሉት። ሙሴም በእረኛው ላይ ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን አሸዋ ውስጥ ተሸሽጎ ተረፈ። ሙሴም አራት ሙክት በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እግዚአብሔር ልቡን ነካው። ወደ አስቄጥስ ገዳም ሄዶ አባ ኤስድሮስን አገኘ፤ ኃጢአቱንም አንድ ሳይደብቅ እያለቀሰ ተናዘዘ። በማንም አላመካኘም። ሲናዘዝም አባ መቃርስ በጥቁር ጽሑፍ የተሞላ ሰሌዳ አዩ። ሙሴ አንዱን ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአክ ከሰሌዳው ላይ ይፍቅ ነበር፤ በመጨረሻም ሰሌዳው ነጭ ሆነ።

ከዚያም መነኰሰና አባ ሙሴ ተባሉ። ልጆች፣ እዚህ ላይ አስተውሉ። ኃጢአታቸው ተሰረየ፤ ክፉው ልማድ ግን በአንድ ቀን አልተነቀለም። ለብዙ ዓመታት ከክፉ አሳብ ጋር ታገሉ። በሌሊት እየተነሡ የሽማግሌ መነኰሳትን ማድጋ ሰብስበው ከሩቅ ጕድጓድ ውኃ ይቀዱላቸው ነበር። የሰው ገንዘብ የነጠቀ እጅ የሰው ሸክም ተሸከመ።

አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ማንነታቸውን ሳያውቁ ሊዘርፏቸው ገቡ። አባ ሙሴም እንደ ጭድ ከረጢት አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። ክፉ እንዳያደርጉባቸው ሕጋቸው ይከለክላልና ምን ይደረጉ ብለው ወንድሞችን ጠየቁ። ወንበዴዎቹም የያዟቸው ያ የታወቀው ሙሴ መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ ደነገጡ፤ ንስሐ ገብተውም መነኰሱ።

ሌላ ጊዜ መነኰሳት በአንድ በበደለ ወንድም ላይ ለመፍረድ ተሰበሰቡ። አባ ሙሴም አሸዋ የሞላ የተቀደደ ዘንቢል በጀርባቸው አዝለው መጡ። አሸዋው በኋላቸው ይፈስስ ነበር። የገዛ ኃጢአታቸው በኋላቸው እየፈሰሰ ሳለ እርሳቸው ሳያዩት በሌላው ሊፈርዱ እንደ መጡ ነገሯቸው። መነኰሳቱም ያን ወንድም ይቅር አሉት።

አባ ሙሴ በ75 ዓመታቸው ገደማ በርበሮች ገዳሙን ሊወርሩ መጡ። ወንድሞች እንዲሸሹ መከሩ፤ ራሳቸው ግን አልሸሹም። ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ ማስተማሩን ያስታውሱ ነበርና፣ ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደ ኖሩ ተናገሩ። አብረዋቸው ከቀሩት ወንድሞች ጋር ተገደሉ። ተሸሽጎ የነበረ አንድ ወንድምም ሰባት አክሊል ከሰማይ ሲወርድ አየ። በዓላቸው ሰኔ 24 ቀን ይከበራል።

ልጆች፣ አባታችን ሁለት አዝመራ አጨዱ። የወጣትነታቸውን ሰይፍ በሰይፍ አጨዱ፤ የንስሐቸውንም እንባ በአክሊል አጨዱ። ንስሐ ይቅርታን ያስገኛል፤ ከኃላፊነት ግን አያሸሽም። የጓደኛውን እርሳስ የወሰደ ልጅ ይቅርታ ጠይቆ እርሳሱንም ይመልሳል እንጂ፣ ሌላ ልጅ ውሰድ ብሎኝ ነው ብሎ አያመካኝም። እናንተም ዛሬ የምትዘሩትን እወቁ።

የቅዱስ ሙሴ ጸሊም በረከት ይደርብን፤ አሜን።

መልመጃ
1. ሙሴ ሲናዘዝ አባ መቃርስ ምን አዩ?
2. አባ ሙሴ በሌሊት ለሽማግሌዎች ምን ያደርጉ ነበር?
3. በዚህ ሳምንት ያጠፋችሁትንና ልታስተካክሉት የምትችሉትን አንድ ነገር አስቡ።