ነርሲስ ናልባንዲያን

ተማሪዎች! በአዋሽ ከተማ አጠገብ የወንዙን ገደል የሚሻገረውን አሮጌ የባቡር መስመር ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች ከጅቡቲ ተነሥተው በዚሁ መስመር አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሲሆኑ፣ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የዛሬው ባለታሪካችን ነርሲስ ናልባንዲያን የእኒህ መምህር የወንድም ልጅ ናቸው።

ነርሲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዛሬ በቱርክ ውስጥ በምትገኘው በአይንታብ ተወለዱ። ዘመኑ በኦቶማን ግዛት አርመናውያን የሚገደሉበትና ከቀያቸው የሚነቀሉበት ነበርና ቤተሰባቸው በሶርያ ወደምትገኘው አሌፖ ተሰደደ። ካደጉም በኋላ አጎታቸውን ተከትለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ኑሯቸውንም በዚሁ መሠረቱ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ቡድን መሩ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም በዚያ የሙዚቃ ኃላፊ ሆኑ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ።

ነገር ግን ከፊታቸው አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቅኖ ነበር። ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ፒያኖ ከውጭ የመጡ መሣሪያዎች ናቸው። የአውሮፓ ሙዚቃ በሰባት ድምፆች ሲዋቀር፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። የውጭው ስምምነት እንዲሁ ቢደረብባቸው ቅኝቱ ጠባዩን ያጣል። ቅኝቱን ትቶ የጃዝን ዜማ እንዳለ መገልበጥ ቀላል ነበር። ነርሲስ ግን ይህን አልመረጡም። ለአምስቱ ድምፆች የሚስማማ አጃቢ እየፈለጉ፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ በኖታ እየጻፉ፣ በጃዝ ቡድን አደረጃጀት የኢትዮጵያን ዜማ አሰሙ። በኋላ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተባለው ከቆመባቸው መሠረቶች አንዱ ይህ ሥራ ነው።

ነርሲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዐረፉ።

እናንተ ከሰመራ ወደ ኮምቦልቻ ስትጓዙ ባቲን ታልፋላችሁ። ስሟን የያዘውን ቅኝት በሳክስፎን ሲጫወቱት በሰማችሁ ጊዜ፣ አገሩን በሕፃንነቱ ያጣ አንድ ሰው የሌላውን አገር ድምፅ እንዳይጠፋ አድርጎ መጠበቁን አስታውሱ።