ይድነቃቸው ተሰማ፦ በኳስ ሜዳ የቀለም አጥርን የተቃወሙ ኢትዮጵያዊ

በእንሴኖም ሆነ በቡታጅራ ሜዳ ኳስ የሚያባርር ታዳጊ፣ ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ እንዳነሣች ከታላላቆቹ ሰምቶ ይሆናል። ያንን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ግን ከዋንጫው የሚበልጥ ሥራ ሠርተው ያለፉ ሰው ናቸው።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ነው። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስመ ጥር የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ይድነቃቸው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1928 ዓ.ም የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገና በልጅነታቸው ተቀላቅለው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱለት። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ጣሊያን አገዛዝ ነጩንና ጥቁሩን በሕግ የለየ ነበር። ይድነቃቸው በኋለኛው ዘመናቸው ለቀለም ልዩነት ያሳዩትን ቁጣ ከዚያ ወጣትነት ነጥሎ ማየት ያስቸግራል።

ከነጻነት በኋላ የአገሪቱን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካደራጁት መካከል ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አባል የሆኑት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። በ1949 ዓ.ም በካርቱም ለተዘጋጀው የመጀመሪያ ውድድር ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ታገደች። ኢትዮጵያም በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮም ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ሁለቱ ቡድኖች ለዋንጫ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተገናኙ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ የመጣው የይድነቃቸው ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቴም አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ግብ አክሎ 4 ለ 2 ረታ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድነት የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን በግንባር ቀደምነት የተከራከሩበት ተቃውሞ አህጉሩን ከማጣሪያው አስወጣ። በቀጣዩ የ1962 ዓ.ም የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሰለፈች።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በ1968 ዓ.ም ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ሲያባርር የረጅም ጊዜ ትግላቸው ፍሬ አፈራ።

በሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ተቃውመዋል። ብሔራዊ ቡድኖች በአህጉሩ ውድድር ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወቱ ሰዎችን እንዳያሰልፉ የሚከለክለው ደንብ ግን እርሳቸው በሥልጣን ላይ ሳሉ ተሻረ። ለችሎታው ዋጋ ለሚሻ ወጣት ደንቡ ከባድ እንደነበር አይካድም፤ የአገር ውስጥ ሜዳዎች ባዶ ይሆናሉ የሚለው ሥጋታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በካንሰር ሕመም በ65 ዓመታቸው አረፉ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ የአፓርታይድ ሥርዓት ሲፈርስ፣ ደቡብ አፍሪካ ወደ እግር ኳሱ ማኅበር ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም ደግሞ ጥቁርና ነጭ ልጆቿን አሰልፋ በራሷ ሜዳ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች።